ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የባቡሩ ጋቢና ውስጥ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2003 ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ የጃፓን ፈጣን ባቡር ኦካያማ ጣቢያ ሲገባ ከመቆሚያው 100 ሜትር ያህል ሲቀረው ቀጥ አለ። የኋላ ፉርጎዎቹ ከመሳፈሪያው ውጭ ቀሩ። ነገሩ ግራ የገባው የባቡሩ ሠራተኛ ወደ ጋቢናው ሄደ። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል።

ባቡሩ ውስጥ 800 ያህል ሰው ነበር። በኋላ ሲጣራ ሾፌሩ ለ8 ደቂቃ ያህል ተኝቷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባቡሩ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል። ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ፍጥነቱን ቀንሶ ያቆመው አውቶማቲክ መቆጣጠሪያው ነው። አንድም ሰው አልተጎዳም።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ የብዙው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። «ያን ሁሉ ነፍስ ይዞ እንዴት ይተኛል?» ንዴቱ ይገባኛል። ግን ሾፌሩ ሲመረመር ስሊፕ አፕኒያ የሚባል ሕመም ተገኘበት። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሲተኛ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ሰውነቱ ሳያርፍ ያድራል። ሾፌሩ ይህን አያውቅም ነበር።

«እንቅልፍ ወሰደው» እንላለን። «ጣለው»፣ «አሸነፈው» እንላለን። በአማርኛችን አድራጊው እንቅልፉ ነው፤ ሰውየው የተደረገበት ነው። በዚያው አፋችን ግን ሥራ ላይ ያንቀላፋን ሰው «እንቅልፋም» ብለን እንሰድባለን። በባቡር ሥራም ለረጅም ዘመን የገነነው ይህ ሁለተኛው አነጋገር ነው። አንቀላፍቶ የተገኘ ሾፌር ይገሠጻል፣ ይቀጣል፣ ይባረራል። ፕሮግራሙን ያወጣው ክፍል ግን አይጠየቅም። እኔ ደግሞ ትክክሉ የመጀመሪያው አነጋገር ነው እላለሁ። ሾፌሩ ነቅቶ መቆየት አለመቆየቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ጋቢና ከመግባቱ በፊት ነው። የሚወሰነውም ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው የፈረቃ ፕሮግራም ነው።

ሁለቱ 8 ሰዓቶች

ሰው መቼ ንቁ እንደሚሆንና መቼ እንቅልፍ እንደሚጫነው የሚወስኑ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንዱ ዕዳ ነው። ከነቃንባት ደቂቃ ጀምሮ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። በተጠራቀመ ቁጥር ዓይን ይከብዳል። ስንተኛ ይቀንሳል። ቡና የሚያነቃን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው። ዕዳውን ግን አይከፍልልንም። ቡናው ከሰውነት ሲወጣ የተጠራቀመው ሁሉ እዚያው ይጠብቀናል።

ሌላው የሰውነታችን ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች የዚህን ሰዓት አሠራር ነው የፈቱት። ይህ ሰዓት ፈረቃ አያውቅም። ብርሃንና ጨለማ ነው የሚያውቀው። በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ንቃታችንን ዝቅ ያደርገዋል። ትልቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ትንሹ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ራስ የሚወዘወዝበት ሰዓት። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 8 ሰዓት ላይ መጀመራቸው ለማስታወስ ይመቻል።

አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን እንያቸው። ሾፌሩ ጠዋት 3 ሰዓት ተነስቶ ቤቱ ዋለ እንበል። ማታ 4 ሰዓት ሥራ ገባ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ከነቃ 17 ሰዓት ሞልቶታል። ዕዳውም ከፍ ብሏል፣ የሰውነት ሰዓቱም ወርዷል። በአውስትራሊያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በሥራ ችሎታው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚሆን አሳይቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.1 በመቶ ይጠጋል። በብዙ አገር በዚህ መጠን መኪና መንዳት ወንጀል ነው። ይህ ሾፌር ግን ጠብታ አልቀመሰም። ሕጉንም አልጣሰም። ፕሮግራሙ ግባ ባለው ሰዓት ነው የገባው።

ጋቢናው ራሱም አያግዘውም። ውጭውን ለማየት ውስጡ መጨለም አለበት። ሐዲዱ ከፊት መብራቱ ሥር እየወጣ ወደ እግሩ ይገባል፤ ያው ሁለት መስመር፣ ያው ጠጠር፣ ያው የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ እንደገና ያው። ድምፁ አይለዋወጥም። የሚያጫውተው ረዳት ላይኖር ይችላል። የሚይዘው መሪ ደግሞ የለም። መኪና የሚነዳ ሰው ሸለብ ሲያደርገው መኪናው ከመስመር ይወጣል፣ ጎማው ጠጠር ይረግጣል፣ ሰውየው ይደነግጣል። አንዳንዴ ያ ድንጋጤ ያተርፈዋል። ባቡር ግን ሾፌሩ ቢተኛም ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል። ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩን 10 ሰከንድ ሸለብ ቢያደርገው ከሁለት የኳስ ሜዳ ርዝመት በላይ ማንም ሳይነዳው አለፈ ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት 11 የባቡር ሾፌሮችን ራሳቸው ላይ የአንጎል ሞገድ መለኪያ አስሮ ቀንም ሌሊትም አስነድቷቸዋል። በሌሊቱ ጉዞ አራቱ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ራሳቸው ተናገሩ። ከአራቱ ሁለቱ ለሐዲዱ ምልክት፣ ለሲግናል፣ ምላሽ ሳይሰጡ አልፈዋል። በሉ አስቡት፤ እየተለኩ መሆናቸውን እያወቁ፣ ራሳቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ነው ይህ የሆነው። በፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሾፌሮች ከሌሊት ፈረቃዎቻቸው ግማሽ በሚያህሉት ከባድ እንቅልፍ እንደተጫጫናቸው መዝግበዋል።

«ጋሼ ተኝተው ዋሉ»

የሌሊት ሥራ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ሌሊቱን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ግን ቀን ነው።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ጎረቤት ነበሩን። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ እሳቸው ይገባሉ። ባለቤታቸው መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅለው ያጨልሙላቸዋል። ከዚያ ቀኑ ይጀምራል። «ቆራሌው!» የሚል ይመጣል። የቆርቆሮ በራቸውን የዕቁብ ሰብሳቢዋ ታንኳኳለች። ቡና ይወቀጣል። እኛ ልጆች ኳሳችንን ከአጥራቸው ጋር እናላትማለን። 7 ሰዓት ላይ ዓይናቸው ቀልቶ ብቅ ሲሉ «ጋሼ ተኝተው ዋሉ» እንላቸዋለን። ፈገግ ብለው ያልፉናል።

ተኝተው አልዋሉም። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ቢል እንኳን ሰውነታቸው ራሱ ይቀሰቅሳቸው ነበር። ለመተኛት የሰውነት ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። ቀን ላይ ደግሞ ሰዓቱ ሙቀቱን ሽቅብ ነው የሚወስደው። ለዚህ ነው ከሌሊት ፈረቃ በኋላ የሚተኛ ሰው በአብዛኛው ከ5 ወይም ከ6 ሰዓት በላይ የማይተኛው። ማታ ተመልሶ ሲገባ ዕዳውን ከፊሉን ብቻ ከፍሎ ነው። በሁለተኛው ሌሊት ይጨመርበታል። በሦስተኛው ይጨመራል።

ክፋቱ፣ ሰውየው ይህን አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ለ14 ቀን በሌሊት 6 ሰዓት ብቻ አስተኝቷቸዋል። በመጨረሻ ንቃታቸው አንድ ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ሰው ጋር የሚወዳደር ሆነ። ሲጠየቁ ግን «ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ» የሚሉ ዓይነት ነበሩ። ንቃት ሲወርድ የራስን ንቃት የምንለካበት ሚዛንም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ፈረቃ ተረካቢውን «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆ «ደህና ነኝ» ሲል ማስገባት ምንም አያረጋግጥም። ሰውየው ሳይዋሽ ነው የተሳሳተው።

እዚህ ላይ ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። በረጅም መንገድ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ የመኪና ሾፌሮች እንቅልፍን የሚከላከሉት በሱ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ነቅቻለሁ ብሎ ያምናል፣ እውነትም ዓይኑ አይከደንም። ግን ጫት ከቡናው የተለየ ተአምር አይሠራም። ዕዳው አለ። ሲለቀው ደግሞ ድብርቱ ይመጣል። በዚያ ላይ ቀን ሊተኛው የሚገባውን እንቅልፍ ይወስድበታል። እንዲህ ያሉ ሾፌሮችን መኮነን ቀላል ነው። መጀመሪያ ግን ስንት ሰዓት እንዲያርፉ እንደተፈቀደላቸው እንጠይቅ።

ማለዳው ከሌሊቱ አይሻልም

«ሌሊቱ ከከበደ ማለዳ ይግባ» የሚል መልስ አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 እሑድ ጠዋት ኒው ዮርክ ውስጥ የሆነውን እንይ።

ከፖኪፕሲ ከተማ ሳይነጋ የተነሳ የመንገደኞች ባቡር ወደ ማንሃተን እየወረደ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ከ20 ገደማ ብሮንክስ ውስጥ ስፓይተን ዳይቪል የሚባል ቦታ ደረሰ። እዚያ ሐድሰን ወንዝና ሃርለም ወንዝ ይገናኛሉ፤ ሐዲዱም ሹል ኩርባ ይሠራል። ኩርባው የሚፈቅደው ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በ132 ገባ። ሁሉም ፉርጎዎች ከሐዲዱ ወጡ። የፊተኛው ውሃው አፋፍ ላይ ደርሶ ነው የቆመው። 4 ሰዎች ሞቱ፤ ከ60 በላይ ቆሰሉ።

ሾፌሩ አልጠጣም። ስልክም አላወራም። ሌሊቱን ቤቱ ተኝቶ ነው ያደረው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሾፌሩ ያልታወቀለት ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ነበረበት። ሁለተኛ፣ ከአደጋው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ከሰዓት በኋላ ከሚጀምር ፈረቃ ወደ ማለዳ ፈረቃ ተዛውሯል። የለመደው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ሾፌሩ እንደተናገረው ዓይኑ ተገልጦ ፈዞ ነበር። ከፈዘዘበት የነቃው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ፍሬን የያዘው ሰከንዶች ሲቀሩት ነው።

ማለዳ ለምን ይከብዳል? የሰውነታችን ሰዓት ተፈጥሮው ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ስለዚህ ማምሸት ይቀለናል፤ ቀድሞ መተኛት ግን አይሆንልንም። እንዲያውም ከለመድነው የመኝታ ሰዓት በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ዋነኛ የንቃት ሰዓቶቻችን ናቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚነሳ ሾፌር በ2 ሰዓት አልጋው ላይ ይወጣል። ይገላበጣል። ልጆቹ ሳሎን ቴሌቪዥን ያያሉ። በ5 ሰዓት እንቅልፍ ይወስደዋል። አራት ሰዓት ተኝቶ ይነሳል። ፕሮግራም አውጪው ወረቀቱ ላይ የሚያየው ግን «12 ሰዓት ዕረፍት አግኝቷል» የሚል ነው። የፈረቃ ባለሙያዎች ፈረቃ ሲቀያየር ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ማታ ወደፊት ይሂድ የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ኋላ የሚሽከረከር ፕሮግራም ሰውነትን በግድ ይጎትተዋል።

ከዚያ አደጋ በኋላ ድርጅቱ ሾፌሮቹን ሲመረምር ከአሥሩ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ስሊፕ አፕኒያ ተገኘባቸው። ሁሉም እስከዚያ ቀን ባቡር ይነዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ኒው ጀርሲ ሆቦከን ጣቢያ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ብሩክሊን ውስጥ፣ ሁለት ባቡሮች የሐዲዱን መጨረሻ ጥሰው ወጡ። ሆቦከን ላይ አንዲት ሴት ሞተች። በሁለቱም ቦታ ከመቶ በላይ ሰው ተጎዳ። ሁለቱም ሾፌሮች ያልታወቀ ስሊፕ አፕኒያ ነበረባቸው። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የባቡርና የከባድ መኪና ሾፌሮች ለዚህ ሕመም እንዲመረመሩ ሊያወጣው የጀመረውን ደንብ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ትቶታል። ይህን ውሳኔ ዛሬም መቀበል ይከብደኛል።

ስለዚህ ሕመም ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልበል። በቤታችን ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይታያል። «እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የተኛው!» እንላለን። ባልየው እያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ሲጥ ብሎ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሳ ከሆነ፣ ያ ሰው አልተኛም። መጀመሪያ የምታውቀው ሚስቱ ናት። አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዱ፣ ታክሲ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለነሱም ያው ነው። ምርመራው አንድ ሌሊት ነው የሚፈጀው። ሕክምናውም አለ፤ ሲተኙ አፍንጫ ላይ የሚደረግ፣ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን።

ፔዳሉ

«ማሽን ይጠብቀዋል» የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ባቡር ውስጥ ሾፌሩ ሲነዳ ረግጦ መያዝ ያለበት ፔዳል አለ። እግሩ ከተነሳ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ቢሞት ወይም ራሱን ቢስት እግሩ ይለቃል።

ግን የተኛ ሰው እግር ሁልጊዜ አይለቅም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2003 ከሲድኒ በስተደቡብ አንድ ሾፌር መንገድ ላይ ልቡን አመመውና ራሱን ሳተ። የእግሩ ክብደት ብቻውን ፔዳሉን ተጭኖ ያዘው። ባቡሩ ፍጥነቱን እየጨመረ ሄዶ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ሾፌሩን ጨምሮ 7 ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1986 በካናዳ ሂንተን አጠገብ አንድ የጭነት ባቡር ቁም የሚለውን መብራት አልፎ ከመንገደኞች ባቡር ጋር ተጋጨ። 23 ሰው አለቀ። ምርመራው ሲካሄድ በሾፌሮች ዘንድ ፔዳሉ ላይ ከባድ ብረት አስቀምጦ እግርን ማሳረፍ የተለመደ መሆኑ ወጣ። በዚያ ባቡር ላይም ተደርጎ እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም፤ ጋቢናው አልተረፈም። ቅዱስ የሆነ የደኅንነት መሣሪያ ላይ ብረት የሚያስቀምጥ ሰው መጥፎ ሰው ነው? እኔ አይመስለኝም። ለሰዓታት አንድ ፔዳል ረግጦ መቆየት እግር ያደነዝዛል። መሣሪያውን የሠራው ሰው ያንን እግር አላሰበውም። መርማሪው ኮሚሽንም ከግለሰቦቹ ይልቅ በጣቱ ያመለከተው የድርጅቱን የቆየ ልማድ ነው።

አሁን ያሉት መሣሪያዎች የተሻሉ ናቸው። በጀርመን ባቡሮች ሾፌሩ በየ30 ሰከንዱ ፔዳሉን ለቀቅ ማድረግ አለበት። ካላደረገ መብራት ይበራል፣ ከዚያ ጡሩምባ ይጮኻል፣ ከዚያ ፍሬኑ ይያዛል። ጥሩ ነው። ሆኖም ሺህ ጊዜ የተደጋገመ እንቅስቃሴ ያለ ሐሳብ መሠራት ይጀምራል። እግሩ ይሠራል፣ አዕምሮው የለም። ኒው ዮርክ ላይ አደጋ የደረሰበት ባቡር ደግሞ በየጊዜው ምላሽ የሚጠይቀው መሣሪያ የነበረው ከኋላ ሆኖ በሚገፋው ሎኮሞቲቭ ውስጥ ነው። ሾፌሩ የተቀመጠበት የፊት ጋቢና ውስጥ የነበረው ፔዳሉ ብቻ ነው።

እኔ ይበልጥ የምተማመነው ሾፌሩን ሳይሆን ባቡሩን በሚቆጣጠረው መሣሪያ ነው። ኦካያማ ላይ 800 ሰው ያተረፈው እሱ ነው። አሜሪካ በመላ አገሪቱ ዋና ዋና መስመሮች ላይ ተመሳሳይ ሥርዓት ዘርግታ የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። ጃፓኖች ከዚህ ሌላ ርካሽ ነገር አላቸው። ሾፌሩ እያንዳንዱን ሲግናል በጣቱ እየጠቆመ፣ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ብቻውን ሲያወራ ለሚያየው ሰው ያስቅ ይሆናል። ግን የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ሲፈትነው ስህተትን በ85 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እጅ፣ ዓይን፣ አፍና ጆሮ አንድ ላይ ሲሠሩ መፍዘዝ ይከብዳል።

ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ እስከ ጅቡቲው ነጋድ

ነገሩን ወደ ቤታችን ላምጣው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው ያስተዳደሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች እጅ ገብቷል። ጋቢናው ውስጥ ያለው ልጅ አሁን የእኛው ልጅ ነው። ስለዚህ የሚተኛበት ሰዓትም የእኛ ጉዳይ ነው።

መንገዱን እናውቀዋለን። ከአዳማ ወርዶ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን ካለፈ በኋላ ሜዳው ይለጠጣል። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሙቅ። ግመልና ከብት ሐዲዱን ያቋርጣል። እንስሳቱ በሌሊት የሚታዩት የፊት መብራቱ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ጥቂት ሰከንድ ምን እንደሚያስከፍልም ይህ አገር ያውቃል። በጥር 1977 ዓ.ም. በአሮጌው መስመር ላይ አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ያ አደጋ ከእንቅልፍ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። ኩርባው ግን ምክንያት አይጠይቅም።

ሕጋችን ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ይወስናል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ የቀኑ በ1.5። እንግዲህ ሕጉ ሌሊቱ እንደሚከብድ ያውቃል። የሚያውቀው ግን በገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሠራተኛውን ሌሊት ይጠራዋል እንጂ አያሳርፈውም። የኑሮ ውድነቱን እያየን ትርፍ ሰዓት የመጣለትን ሾፌር «ለምን ወሰድክ?» ልንለው አንችልም።

የአውሮፓ ኅብረት ድንበር ለሚሻገሩ የባቡር ሠራተኞች ያወጣው መመሪያ እዚህ ላይ ይለያል። አንድ ሾፌር በቀን ፈረቃ ከ9 ሰዓት፣ በሌሊት ፈረቃ ግን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። በሁለት ሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ አይነዳም። በፈረቃና በፈረቃ መሃል ቤቱ ሲያርፍ 12 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይሰጠዋል። አንድ ሰዓት ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሌሊት ሰዓትና የቀን ሰዓት እኩል እንዳልሆኑ በሕግ ያመነ ጽሑፍ ነው። የእኛም መስመር ድንበር ይሻገራል።

እኔ ድሬዳዋ ላይ ማየት የምፈልገው ሾፌሩ የሚያርፍበትን ክፍል ነው። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ድሬዳዋ የገባ ሾፌር የሚተኛው በዚያ ሙቀት ነው። ቅድም እንዳልኩት ሰውነት ካልቀዘቀዘ እንቅልፍ አይመጣም። ስለዚህ አየር ማቀዝቀዣው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር፣ ወፍራሙ ጥቁር መጋረጃ፣ ከዴፖው ጩኸት መራቁ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ፍሬኑ የባቡሩ ደኅንነት አካል ናቸው። በጀት ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ይሆናሉ ብዬ እፈራለሁ።

ጥቂት መተኛትም ሊፈቀድ ይገባል። ናሳ በረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎችን ሲያጠና በእቅድ የተሰጠች አጭር እንቅልፍ፣ በአማካይ 26 ደቂቃ፣ ንቃታቸውን በግልጽ ከፍ አድርጋለች። ባቡር ጣቢያ ላይ ሌላ ባቡር እስኪያልፍ በሚቆምበት ጊዜ ይህ ሊሆን ይችላል፤ በሕግ፣ በጽሑፍ፣ አለቃው አውቆት። ተነስቶ ወዲያው መንዳት ግን የለበትም። ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው አንጎሉ ጠርቶ እስኪነቃ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ሾፌሩ ስልክ አንስቶ «ዛሬ አልተኛሁም፣ መንዳት አልችልም» ሲል ምን እንደሚገጥመው ማወቅ እፈልጋለሁ። ደሞዙ ይቆረጣል? አለቃው ይቆጣል? ስሙ «እንቅልፋም» ተብሎ ይቀራል? ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ይዞት ሲያስታምም ያደረ አባት ይህን ጥሪ ለመደወል ሁለት ጊዜ ማሰብ ካለበት፣ አይደውልም። ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ቦርሳውን አንስቶ ይወጣል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ከኋላው መንገደኛ የሞላ ፉርጎ ይቀጠልለታል።